አጥንትም ሰነድ አለው፤ የዘንድሮው ጉዟችን ወደ ሐዳር ይሁን



የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ የጀመዓችን ዓመታዊ ጉዞ ወዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ እንደ ልማዱ ተነስቷል። ሶፍ ዑመር ዋሻ ይሁን ያሉ አሉ። ሐረር ይሁን ያሉ አሉ። ነጃሺን የሚናፍቁም ብዙ ናቸው። ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ተቃውሞ የለንም። እኛ ከምህንድስና ትምህርት ክፍሎች የተሰባሰብን ተማሪዎች ግን ሌላ ሐሳብ አቅርበናል፤ የዘንድሮው ጉዞ እዚሁ አፋር ውስጥ፣ ወደ ሐዳር ይሁን ብለናል።

ሐሳባችን የተቀበለው በዝምታ ነው። የዝምታው ምክንያት የገንዘብ ጉዳይ እንዳልሆነ ከስብሰባው በኋላ ገባን። «እዚያ ያለው የዝንጀሮ አጥንት ነው፤ ሙስሊም ተማሪ ምን ሊያይ ይሄዳል?» የሚል ነገር ከአንድ በላይ ከሆኑ ወንድሞችና እህቶች ሰማን። ሰዎቹ ይህን ያሉት ለዲናቸው ተቆርቁረው ስለሆነ እናከብራቸዋለን። ሆኖም ንግግሩ መልስ ሊሰጠው ይገባል እንላለን። ጉዳዩ ከአንድ ቀን ጉዞ ይሰፋልና። አንድ ሙስሊም ተማሪ ያላየውን ነገር እንዴት ይፈርድበታል የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ።

በደጃችን ያለው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ወደ ሰመራ የምንመጣው በአዋሽ ከተማ በኩል ነው። አዋሽ ሰባት ላይ ምሳ በልተን አዋሽ አርባን፣ ገዋኔንና ሚሌን አልፈን እንገባለን። መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ ሙቀቱም ስለሚበረታ፣ የአውቶቡሱን መጋረጃ ስበን እንተኛለን። ተኝተን የምናልፈው አገር ግን የዓለም ተመራማሪዎች ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡበት ነው።

በገዋኔ በኩል ስናልፍ በግራችን፣ ከወንዙ ማዶ፣ የመካከለኛው አዋሽ የምርምር ቦታዎች አሉ። አራሚስ በተባለው ስፍራ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተሰጣት «አርዲ» ተገኝታለች። ሄርቶ ላይ ደግሞ ወደ 160 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የሰው ራስ ቅሎች ተገኝተዋል። ሚሌ ስንደርስ ወደ ባቲ የሚታጠፍ መንገድ አለ። ከዚያ መንገድ በስተደቡብ ሐዳር፣ ጎናና ዲኪካ ተጠጋግተው ይገኛሉ። በሐዳር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ዶናልድ ጆሃንሰንና በወቅቱ ተማሪ የነበረው ቶም ግሬይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ የተሰጣትን ድንቅነሽን አገኙ። በዲኪካ በ1993 ዓ.ም ኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተችውን ሕፃን፣ «ሰላም» የተባለችውን፣ አገኘ። በጎና ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎችን ለዓለም አስተዋውቀዋል። በአቅራቢያው ባለው ሌዲ ገራሩ ደግሞ በ2005 ዓ.ም ቻላቸው ስዩም የተባለ ኢትዮጵያዊ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው መንጋጋ አገኘ። ቻላቸው ያን ጊዜ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ እንደኛው ተማሪ ነበር።

የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ ለዓመታት ለሕዝብ ታይታለች። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ ለእይታ ቀርባለች። የሂውስተንና የፕራግ ተማሪዎች ተሰልፈው ያዩትን አጥንት ያበቀለውን መሬት፣ ሰመራ ላይ አራትና አምስት ዓመት የምንቀመጠው እኛ አላየነውም። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ዋሻው የት ነው?

ስለ ሐዳር ስናወራ በብዛት የምንጠየቀው «ዋሻው ትልቅ ነው?» የሚለውን ነው። ጥያቄው አይገርምም። ሙስሊም ለዋሻ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ወሕይ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወረደው በሒራ ዋሻ ነው። በሂጅራ ጊዜ ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር የተጠለሉት በሠውር ዋሻ ነው። በየጁሙዓው የምናነበው ሱረቱል ከህፍም ስሙን ያገኘው ከዋሻው ሰዎች ታሪክ ነው። በአገራችንም የባሌው ሶፍ ዑመር፣ የወይብ ወንዝ ዓለቱን ሰርስሮ የሚያልፍበት ትልቅ ዋሻ፣ በሙስሊሞች ዘንድ ከሸይኽ ሶፍ ዑመር ዒባዳ ጋር አብሮ የሚነሳ ነው። በድሬዳዋ አጠገብም ፖርክ ኤፒክ የሚባል፣ የጥንት ሰዎች ግድግዳው ላይ ሥዕል የተዉበትና የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ዋሻ አለ።

ሐዳር ግን ዋሻ የለውም። በደቡብ አፍሪካ ብዙ ጥንታዊ አጥንቶች የተገኙት በዋሻ ውስጥ ነው፤ በአፋር ያለው ከዚያ ይለያል። እዚህ አጥንቱ የተቀመጠው ሐይቅና ወንዝ በተኙበት ጭቃና አሸዋ፣ እንዲሁም በየጊዜው ከእሳተ ገሞራ በወረደ አመድ መካከል ነው። ደለሉ እየተደራረበ ንብርብር ሆነ። ኋላ የስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴ መሬቱን ሰበረው፣ አነሳው፤ የክረምት ጎርፍ ደግሞ ከላይ እያጠበ ሸረሸረው። ዛሬ የሚታየው ግራጫና ቡናማ ሸንተረር በሸንተረር የሆነ የተራቆተ ገደል ነው። ምን እንደሚያይ ሳያውቅ የሄደ ተማሪ «አቧራ ነው» ብሎ ይመለሳል። ያወቀ ሰው ግን እያንዳንዱን መስመር እንደ ገጽ ያነበዋል።

ይህ ዓይነቱ ንባብ ለኛ ታሪክ ባዕድ አይደለም። የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አል-ቢሩኒ በህንድ ሲጓዝ ወንዞቹ ያመጡትን ድንጋይ ተመለከተ። በተራራው አጠገብ ትልልቅ፣ ከተራራው ሲርቁ ትንንሽ፣ ወንዙ ሲረጋ ደግሞ አሸዋ መሆናቸውን አይቶ ያ ሜዳ አንድ ጊዜ ባሕር የነበረና በደለል የተሞላ መሆኑን ጻፈ። ሰውየው ሙስሊም ዓሊም ነበር። ድንጋይ ማየቱ ከኢማኑ ላይ ምንም አልቀነሰበትም።

ሰነድ የተማረ ሰው አጥንትን እንዴት ያያል?

መድረሳ የቀራን ሁሉ አንድ ነገር ተምረናል። ሐዲስ ሲነገረን የቃሉ ማማር አይበቃንም። ማን ከማን ሰማ? ተገናኝተዋል ወይ? መሐል ላይ የተቆረጠ አለ ወይ? ብለን ሰነዱን እንጠይቃለን። ኢማም አል-ቡኻሪ ያን ሁሉ አገር የዞሩት ለዚህ ነው። ሰነዱ የተቆረጠ ዘገባ ቃሉ ምንም ቢያምር ደካማ ነው።

አጥንትም እንዲሁ ነው። አጥንቱ ብቻውን መትኑ ነው፤ የተገኘበት ንብርብር ሰነዱ ነው። ዕድሜው የሚታወቀው በአብዛኛው አጥንቱን በመመርመር ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመለካት ነው። አሠራሩ ለምህንድስና ተማሪ ከባድ አይደለም። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ፖታሲየም 40 አለ። ይህ ንጥረ ነገር በታወቀ ፍጥነት ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን 40 ይሆናል። አለቱ ሲቀልጥ ቀድሞ የተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ግን ጋዙ ክሪስታሉ ውስጥ እየተያዘ መጠራቀም ይጀምራል። በመሆኑም የአርጎኑን መጠን ከፖታሲየሙ ጋር ያነጻጸረ ሰው አመዱ መቼ እንደወደቀ ያሰላል። አጥንቱ ከላይኛው አመድ የቀደመ፣ ከታችኛው የኋላ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው ለሚጠራጠሩ ወንድሞቻችን ነው። «ሚሊዮን ዓመት ማን ቆጥሮት ነው?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ ያለው ጥያቄ ነው። መልሱን ሰምቶ፣ ስሌቱን ፈትሾ፣ ደካማ ነው የሚል ካለ ደካማነቱን ያሳየን። ሳይሰሙ መሳቅ ግን የዒልም ሰው ጠባይ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎናል፤ ማጣራት ለምናምነውም ለማናምነውም ወሬ ይሠራል።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። ከሐዳር አንዲት ጠጠር በኪሱ ይዞ የሚመለስ ተማሪ ሰነድ ቆርጧል። ያች ድንጋይ ከቦታዋ ከተነሳች በኋላ ከየትኛው ንብርብር እንደነበረች ማንም ሊናገር አይችልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ነገር ይከለክላል፤ ከአዋጁ በፊት ደግሞ አማና አለ። የሕዝብን ንብረት ለማስታወሻ ብሎ መውሰድ መውሰድ ነው።

ስለ አደም (ዐ.ሰ) ምን እንላለን?

ይህን ጥያቄ ዘለን ብናልፍ ጽሑፋችን እውነተኛ አይሆንም። የብዙዎች ፍርሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ አባታችን አደም (ዐ.ሰ) ያለን እምነት የመጣው ከወሕይ ነው። በአርጎን አልተገኘም፤ በአርጎንም አይጠፋም። በሌላ በኩል ሐዳር ላይ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ገደማ ቁመት የነበራት፣ በሁለት እግሯ የምትሄድ ፍጡር አጥንት መገኘቱ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ይህን መካድ ዲንን አይጠብቅም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ትርጓሜ፣ ማለትም ያቺ ፍጡር ከኛ ጋር ምን ዝምድና አላት የሚለው፣ ሳይንቲስቶች በራሳቸው መካከል እስከ ዛሬ የሚከራከሩባቸው ክፍሎች ያሉት፣ ሙስሊም ምሁራንም የተለያየ ነገር የተናገሩበት ሰፊ ጉዳይ ነው። የተገኘውን፣ የተለካውንና የተተረጎመውን ሦስቱን ለይቶ ማየት የቻለ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ አይደነግጥም። ለይቶ ያላየ ግን ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ሁሉንም ይክዳል፣ ወይ አንድ ቀን አጥንቱ እውነት መሆኑን ሲያውቅ ዲኑ የተነካ ይመስለዋል። እኛን የሚያሰጋን ይኸኛው ነው። እንዲህ ባለ ድንጋጤ ከሰላት ቦታ የራቁ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀድሞ አብሯቸው ቆሞ ያስረዳቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ላይርቁ ይችሉ ነበር።

ቁርኣን በሱረቱል ዓንከቡት በምድር ላይ ተጓዙና ፍጥረት እንዴት እንደተጀመረ ተመልከቱ የሚል ትእዛዝ ይዟል። ትእዛዙ ተመልከቱ የሚል ነው። ታዲያ ይህን ለሚያህል ዕይታ እኛ ካለንበት የቀረበ ቦታ ያለው የትኛው ሙስሊም ተማሪ ነው?

የመሬቱ ባለቤቶች

ወደ ሐዳር የሚሄድ ሰው በረሃ አይደለም የሚጎበኘው፤ ሰው ቤት ነው የሚገባው። አፋሮች ግመልና ፍየላቸውን ይዘው በእነዚያ ሸንተረሮች ይኖራሉ። ለዓመታት በቁፋሮው ሥራ አብረው ተሳትፈዋል፤ መንገዱን የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ቋንቋቸውም በዓለም ሳይንስ ውስጥ ገብቷል። የ«አርዲ» ሳይንሳዊ ስም አርዲፒቴከስ ራሚደስ ሲሆን «አርዲ» በአፋርኛ መሬት፣ «ራሚድ» ደግሞ ሥር ማለት ነው። የሄርቶ ራስ ቅሎች የተሰየሙበት «ኢዳልቱ» የሚለው ቃልም ሽማግሌ ወይም በኩር ማለት ነው። በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች አፋርኛ ቃል ሲጠሩ፣ ሰመራ ላይ አራት ዓመት ኖረን ከሰላምታ ያለፈ አፋርኛ የማናውቅ ብዙ ነን።

ከአፋሮች የምንማረው ሌላም ትልቅ ነገር አለ፤ ዳጉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይነግራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ እሱም ይነግራል። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው፤ በዓይን ያዩትና በጆሮ የሰሙት ይለያያሉ። በስልካችን በሰከንድ አሥር ያልተጣራ ወሬ ለምንቀባበል ለኛ ይህ ትምህርት ነው። ሰነድን በመድረሳ ተማርን፤ ንብርብርን በጂኦሎጂ እንማራለን፤ ዳጉ ደግሞ ያንኑ ሥርዓት በኑሮ ያሳየናል።

ስለዚህ በጉዞው ላይ አፋር እህት ወንድሞቻችን ለማስተርጎም ብቻ የሚጠሩ መሆን የለባቸውም። ጉዞውን ይምሩት። የአካባቢው ሽማግሌ ሲናገሩ እንቀመጥ፤ ላደረጉልን ተገቢውን እንክፈል። ሴቶችንና ሕፃናትን ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሳ።

መሬቱ ዛሬም ይንቀሳቀሳል

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የታሪክ ተማሪዎች ነገር ነው» ይላሉ። አይደለም። አጥንቱን ያወጣው ኃይል ቤትም ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመሬት ክፍል በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተለያየ። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቀለ፤ የከሰም ግድብም ነገር ብዙዎችን አስጨንቆ ነበር። ነገ በዚህ ሸለቆ ላይ ድልድይ፣ መንገድና ግድብ የምንሠራው እኛ ነን። የመሬቱን ንብርብር በእግሩ ቆሞ ያላየ ሲቪል መሐንዲስ በወረቀት ላይ ያለውን መስመር ብቻ ያምናል። የሰው ሕይወት አማና ከሆነ የመሬቱን ጠባይ ማወቅም የአማናው ክፍል ነው።

የእስልምና ታሪካችንን ለሚሹም ሸለቆው ባዶ አይደለም። የሐረር ኢማሞች እ.ኤ.አ. በ1577 መቀመጫቸውን ያዛወሩባት አውሳ በዚሁ በአዋሽ ወንዝ ዳር ናት፤ አሳኢታም ከሰመራ ሩቅ አይደለችም። የዘንድሮው ሐዳር ከተሳካ የሚቀጥለው ዓመት አውሳ ቢሆን ደስ ይለናል።

እንዴት እንሂድ?

ሐሳብ ብቻ አቅርበን ሥራውን ለሌላ አንተውም። የምንለው ይህ ነው።

ጉዞው በጥር ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ይበረታል። ከፈጅር ሰላት በኋላ ተነስተን ከመግሪብ በፊት ወደ ዋናው መንገድ የምንመለስበት የአንድ ቀን ጉዞ ይሁን። ይህን የምንለው በተለይ ለእህቶቻችን ነው። ከዚህ በፊት ጉዞ ሲታሰብ «ማደሪያ የለም፣ አይመችም» እየተባለ እህቶች ሲቀሩ አይተናል። በኛ ክፍሎች ውስጥ በጂኦሎጂም በሲቪልም ጎበዞቹ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ለብቻ መኪና ይመደብላቸው፤ የጉዞውን ሸሪዓዊ ጥያቄዎች ኡስታዞቻችን አስቀድመው ያስረዱን፤ ዕቅዱን ሲወጣም እህቶች በሹራው ይኑሩበት። እህቶች ከማይሄዱበት ጉዞ ጉዞው ቢቀር ይሻላል።

ከጉዞው በፊት በሁለት ጁሙዓዎች፣ ከዐስር በኋላ፣ ሁለት ትምህርቶች ይሰጡ። አንዱን ኡስታዝ በፍጥረት ላይ ስለማስተንተን ይስጡን። ሌላውን እኛ ስለ ንብርብርና ስለ ዕድሜ አለካክ እናቀርባለን። ሁለቱን ያልተከታተለ አይሂድ። ፈቃዱን ከክልሉ የሚመለከታቸው ቢሮዎች አስቀድመን እንጠይቅ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ፣ ለመጠጥም ለውዱእም፣ ከሰመራ ተጭኖ ይሂድ፤ ከአካባቢው ሰው ውሃ አንሻማ። ዙህርና ዐስርን እዚያው ሸንተረሩ ላይ በጀመዓ እንሰግዳለን ኢንሻአላህ። ስንመለስ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውንና ያልገባውን ለይቶ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ከተጻፈው የተመረጠው በዚህ መጽሔት ይውጣ።

«አንሄድም» የሚል ወንድም ወይም እህት ካለ መብቱ ነው፤ በትምህርቶቹ ላይ ግን ይገኝና ጥያቄውን ያቅርብ። መልስ የሌለን ሲሆን የለንም እንላለን። የሹራው ውሳኔ ምንም ይሁን ምን፣ «የዝንጀሮ አጥንት» የሚለው ቃል ያላዩት ሰዎች የመጨረሻ ቃል ሆኖ እንዳይቀር እንለምናለን።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን፤ ጉዟችንንም መመለሻችንንም ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።